አርባ ምንጭ እንጂ አርባ ዘፈን የለንም

ከጫኖ ተጭኖ የሚወጣ ሙዝ ይመዘናል። ገበሬው ስንት ኪሎ እንደሸጠ ያውቃል፤ ደላላው ከገበሬው በላይ ያውቃል፤ ጫኙ በጀርባው ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ደግሞ ስንቱ በመንገድ እንደተበላሸ ሳይቀር ይነግራችኋል። ያንኑ ሙዝ የጫነው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ፣ ከጫኖ እስከ ሶዶ፣ ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ ሲደጋገም የሚያድረውን ዘፈን ግን ማንም አይቆጥረውም። ዘፋኙ አያውቅም። ግጥሙን የጻፈው አያውቅም። ዘፈኑን የለቀቀው ጣቢያም አያውቅም።

ሆኖም በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው ማይክ ፊት ይቀመጥና ድምፁን ወፈር አድርጎ “እነሆ የዚህ ሳምንት አንደኛ!” ይለናል። ከበሮ ይመታል፣ ድምፁ ያስተጋባል። የምን አንደኛ? በምን አንደኛ? ከስንቱ አንደኛ? የሚጠይቅ የለም። እኔ ልጠይቅ ነው።

ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልበለው፦ በሬዲዮኖቻችን “ምርጥ አስር”፣ “ቶፕ ቴን”፣ “የሳምንቱ ተወዳጅ” እየተባለ የሚቀርብልን ዝርዝር በአብዛኛው ደረጃ አይደለም። ወይ የአዘጋጁ ምርጫ ነው፣ ወይ ስልክ የገባለት ሰው ምርጫ ነው። ምርጫ መሆኑ ነውር የለውም። ነውሩ ቁጥር ሳይኖረው የቁጥር ልብስ መልበሱ ነው። “ምን አገባህ፣ ዘፈን ነው፣ አዳምጠህ እለፍ” የምትሉኝ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ውስጥ የሰው እንጀራ አለበት፣ የቋንቋ ዕድል አለበት፣ የአንድ ትውልድ ትዝታም አለበት።

የመስመር ጦርነት

ጫኖ ላደግን ልጆች ሬዲዮ ማዳመጥ ማለት መጀመሪያ ሬዲዮ መፈለግ ማለት ነበር። የሞባይሉን ማዳመጫ ገመድ እንደ አንቴና ዘርግተን ማንጎ ዛፍ ሥር እንዞራለን። ፊታችንን ወደ አባያ ስናዞር ይጠራል፤ ወደ ተራራው ስናዞር ይንሾካሾካል። የጠራበት ቦታ የተገኘ እንደሆነ ስልኩን የያዘው ልጅ እንዲንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። እግሩን ትንኝ ቢበላው እንኳ ይቆማል፤ ምርጥ አስር ሊነገር ነው።

የዚያ ፕሮግራም ጠባይ እንዴት ይረሳል! ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲደውል ቆይቶ መስመር የገባለት ሰው ዘፈኑን በሃያ ሰከንድ ይመርጥና አምስት ደቂቃ ሰላምታ ያቀርባል። ለእናቴ፣ ለአባቴ፣ ለአጎቴ፣ ለክፍል ጓደኞቼ በሙሉ፣ እኔን ለሚወዱና ለሚጠሉኝም ሁሉ። ሰላምታው ከዘፈኑ ይረዝማል። ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛ የነበረው ዘፈን በዚህ ሳምንት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛ ሆኖ ይመለሳል። የት ሄዶ ነበር? ማንም አይነግራችሁም። “የሳምንቱ አዲስ” ተብሎ እናቶቻችን በልጅነታቸው የጨፈሩበት ዘፈን ይገባል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ከአስረኛ ጀምረን እየቆጠርን፣ እየተወራረድን፣ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ አዘጋጁ “ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን ስላለቀ አንደኛውን በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኛለን” ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ አንደኛ አለ። ያኛው አንደኛ ሳይሰማ ተሻረ።

ድምፅ በአጭር መልእክት መስጠት የመጣ ጊዜ ጨዋታው ሌላ መልክ ያዘ። የአክስቴ ልጅ በአንድ ምሽት የአስር ብር ካርድ ሙልጭ አድርጋ ለአንድ ዘፈን ብቻ ስትልክ አይቻለሁ። “አንቺ፣ አንድ ሰው አይደለሽም እንዴ?” ስላት “ዘፈኑን የምወደው እንደ አስር ሰው ነው” አለችኝ። መልሷ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የሙዚቃ ክርክሮች ሁሉ የተሻለ ነው። እንደ ቆጠራ ካየነው ግን አበቃለት፦ ካርድ ያለው አስር ሰው ይሆናል፣ ካርድ የሌለው ምንም።

ያንን ፕሮግራም እወደው ነበር፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። እንደ ጨዋታ ድንቅ ነበር። የተራራቁ ሰዎች በአንድ ሰዓት አንድ ነገር የሚጠብቁበት ጊዜ ነው፣ እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ ብርቅ ሆኗል። ጥያቄዬ ጨዋታውን “ደረጃ” ብለን ስንጠራው ማን እየተጎዳ ነው የሚለው ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት ቆጠረ?

“ይሄ የሀብታም አገር ነገር ነው” የሚሉ አሉ። ታሪኩ እንዲህ አይልም። እንግሊዝ የመጀመሪያውን የነጠላ ዜማ ሽያጭ ሰንጠረዥ ያየችው ኅዳር 1952 እ.ኤ.አ. ነው። ያወጣው ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስ የተባለ የሙዚቃ ጋዜጣ ነበር። ዘዴው ምን ነበር? ኮምፒውተር? ቢሮ? አይደለም። ፐርሲ ዲኪንስ የተባለ የጋዜጣው የማስታወቂያ ሠራተኛ ስልክ አንስቶ ሃያ ገደማ ሸክላ ቤቶች ደወለ። “በዚህ ሳምንት ምን ተሸጠ?” ብሎ ጠየቀ፣ ደመረ፣ ጻፈ። በቃ። የመጀመሪያው አንደኛ አል ማርቲኖ የተባለ ዘፋኝ ነበር። ዝርዝሩ “ምርጥ አሥራ ሁለት” ተብሎ ሲወጣ ውስጡ አሥራ አምስት ዘፈኖች ነበሩት፣ እኩል የወጡ ስለነበሩ። ሲጀመር ጀምሮ እንግዳ ነገር አልጠፋውም፤ ነገር ግን እንግዳነቱ የቆጠራ ነው። እኩል ወጥተዋል፣ እኩል ተጻፉ። አዘጋጁ “ይሄ ይበልጥብኛል” ብሎ አልጣላቸውም።

አሜሪካ ቢልቦርድ መጽሔት ነሐሴ 1958 እ.ኤ.አ. “ሆት ሃንድረድ” የተባለውን የመቶ ዘፈን ሰንጠረዥ ጀመረ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬሲ ኬሰም የተባለ የሬዲዮ ሰው ከዚያ ላይ አርባውን እየወሰደ በየሳምንቱ ከታች ወደ ላይ ይቆጥርላቸው ጀመር። ልብ በሉ፣ ኬሲ ኬሰም ጨዋታ ዐዋቂ ነበር፣ ታሪክ ይተርካል፣ የአድማጭ ደብዳቤ ያነባል፣ ሰላምታ ያደርሳል፣ ልክ እንደ እኛዎቹ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ሥልጣን አልነበረውም። የማይወደው ዘፈን አንደኛ ከሆነ አንደኛ ብሎ ያነበዋል።

አርባ ብለው መቁጠራቸው ደግሞ እኔን የአርባ ምንጩን ሰው ያስቀናኛል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከቁጥር ነው፤ ምንጮቹ በትክክል አርባ ይሁኑ አይሁኑ ወርዶ የሚቆጥር ባይኖርም ቁጥሩን ይዘን እንኮራለን። ከሲቀላ እስከ ሴቻ በባጃጅ ስትሄዱ የምትሰሟቸውን አርባ ዘፈኖች ግን በቅደም ተከተል የሚነግረን አንድም ሰው የለም።

ቁጥር ምስክር ነው

መቁጠር ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ሁለት ታሪክ አለኝ።

አንደኛው የ1991 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ቢልቦርድም የሚቆጥረው ሱቆች እየደወለ ነበር። ባለ ሱቁ ደግሞ ሰው ነው፤ የሚወደው አለ፣ የሚንቀው አለ፣ መጋዘኑን የሞላበትን ዕቃ ማሻሻጥ ይፈልጋል። ግንቦት ላይ ሳውንድስካን በተባለ ሥርዓት የአልበም ሽያጭን በባርኮድ መቁጠር ተጀመረ። ውጤቱ አስደነገጠ። “የገጠር ዘፈን” ተብሎ የሚናቀው ካንትሪ እና “የሰፈር ልጆች ጩኸት” የሚባለው ራፕ ከተገመተው በጣም በላይ ይሸጡ ነበር። ገና በሰኔ ወር ኤን ደብሊው ኤ የተባለው የራፕ ቡድን የአልበሞችን ሰንጠረዥ አንደኛ ይዞ ቁጭ አለ። ሰዎቹ ድሮም ይገዙ ነበር። የተለወጠው የሚቆጥረው ዓይን ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው አገር ነው። በጋሞኛ የሚዘፍን ልጅ ጫኖ ውስጥ፣ ጨንቻ ውስጥ፣ በየሰርጉና በየመስቀሉ ይሰማል። ሰው ግቢውን ሞልቶ ይጨፍርበታል። ወደ “አገር አቀፍ” ዝርዝር ስንሄድ ግን የለም። ለምን የለም? “ተደማጭነት ስለሌለው” ይባላል። ማን ቆጥሮ? በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ አጥኚ ዶርዜ ድረስ መጥቶ ያንን ድምፅ በድምፅ ላይ የሚነባበር አዘፋፈን ቀድቶ በሸክላ አሳትሟል። ፓሪስ ያለ ሰው ሸክላውን ከመደርደሪያ አውጥቶ ሊሰማው ይችላል። የእኛ ምርጥ አስር ውስጥ ግን የዶርዜ ድምፅ ስንተኛ ወጣ? ውድድሩ ውስጥ ሳይገባ እንዴት ይሸነፋል?

ሁለተኛው ታሪክ የእንግሊዝ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ሴክስ ፒስትልስ የተባለው ባንድ ንግሥቲቱ የዘውድ በዓሏን በምታከብርበት ሰሞን እሷን የሚጎነትል ዘፈን አወጣ። ቢቢሲ አላጫውትም አለ። ሰው ግን ገዛው፣ ሰንጠረዡም ሁለተኛ ብሎ መዘገበው። “አይ፣ ዋናው ቁጥር አንደኛ ነበር፣ ሆን ብለው ዝቅ አደረጉት” የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም። ክርክሩ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መከራከር የተቻለው ቁጥር ስለነበረ ነው። የከለከለውም የወደደውም የሚሟገቱበት አንድ ወረቀት አለ።

አሁን ወደ 1997 ዓ.ም. እንመለስ። የቴዲ አፍሮ “ጃ ያስተሰርያል” ወጣ። ታክሲው፣ ካፌው፣ ግሮሰሪው፣ ሻይ ቤቱ እሱ ብቻ ነበር፤ በመንግሥት ጣቢያ ግን የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን መስማት ዘበት ሆነ። ያን ጊዜ በሳምንቱ ስንተኛ ነበር? ስንት ሳምንት ቆየ? ስንት ካሴት ተሸጠ? ስንቱስ ተቀድቶ ተሸጠ? አሁን ያለን ትዝታ ብቻ ነው። እንደ ትዝታ አሪፍ ነው። ትዝታ ግን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ እንደሚመቸው የሚያስታውሰው ነገር ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ “ያን ያህልም አልተደመጠም” ቢል ምን አውጥተን እናሳየዋለን?

ሌሎች ቆጠሩልን

የሚገርመው እኛ ሳንቆጥር ቀርተን ሌሎች ስለ እኛ ቆጥረዋል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞችን ሰብስበው “ባንድ ኤይድ” ብለው ዘፈን አወጡ። ርዕሱ “ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?” እንደማለት ነው፣ ስለ እኛ ሲጠይቁ። ዘፈኑ የእንግሊዝን ሰንጠረዥ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ያዘ። እዚህ ላይ አስሉት፦ የአምስቱ ሳምንት ቆይታ እስከ ጥር 12 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል፤ የእኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1977፣ እዚያው ውስጥ ነው የዋለው። “ያውቁ ይሆን?” እያሉ አንደኛ ሆነው ሳለ ኢትዮጵያ የራሷን ገና እያከበረች ነበር። የእነሱ ሰንጠረዥ ሳይጻፍ ቢቀር ኖሮ ይህን የመሰለ ቅኔ ከየት እናገኝ ነበር? በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ወይም አርባ ምንጭ ላይ የኛ ሰው የትኛውን ዘፈን እያዳመጠ ነበር? ይሄኛው አልተጻፈም። ስለ እኛ የተዘፈነው እስከ ሳምንቱ ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ እኛ የዘፈንነው የለም።

በ2009 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ “ኢትዮጵያ” አልበም ሲወጣ የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ጨፈርን፤ ፌስቡክ በሙሉ እሱ ሆነ። አንድ ኢትዮጵያዊ አልበም በገዛ አገሩ አንደኛ መውጣቱን የምናረጋግጥበት ሰነድ ግን የለንም፤ ማረጋገጫው የመጣው ከአሜሪካ ነው። የኢትዮጵያውያን ልጅ የሆነው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ፣ “ብላይንዲንግ ላይትስ” የተባለው ዘፈኑ ሆት ሃንድረድ ላይ 90 ሳምንት መቆየቱን እናውቃለን። ዘጠና! እስከ ሳምንቱ። የጥላሁን ገሠሠ የትኛው ዘፈን ስንት ሳምንት ነገሠ? ጥላሁንን ያህል ሰው! ሚያዝያ 2001 አገር ተሰብስቦ ቀበረው፣ ካሴቱ በየቤቱ ነበር፣ የተሸጠውን በትክክል የሚነግራችሁ ግን የለም። አምኃ እሸቴ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የንጉሡን ዘመን የሸክላ ሞኖፖል ተጋፍቶ ማሳተም ሲጀምር፣ ከዚያም የካሴት ዘመን መጥቶ እነ አምባሰል፣ እነ ኤሌክትራ፣ እነ ታንጎ ሙዚቃ ቤት ገበያውን ሲያጥለቀልቁት፣ ሰው ወረፋ ይዞ ሲገዛ፣ በየሳምንቱ አሥር መስመር የሚጽፍ ጋዜጣ ቢኖረን ኖሮ ዛሬ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ግማሹ ተጽፎ ነበር።

“ዩቲዩብ አለ አይደል?”

አዎ፣ ይህን እንደምትሉ አውቃለሁ። “የምን ሬዲዮ? ዩቲዩብ ላይ ቪው አለ፣ ቲክቶክ አለ።”

ጥሩ፣ እሱንም እንየው። የዩቲዩብ ቪው የሚቆጥረው ዓለምን ነው። ዋሽንግተን ያለው ባለ ዋይፋይ ቤቱን እያጸዳ ደጋግሞ ይከፍተዋል፤ ይቆጠራል። ጫኖ ያለው ልጅ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ያወርዳል፣ በቴሌግራም ለጓደኛው ይልካል፣ ጓደኛው በፍላሽ ለሹፌሩ ይሰጣል፣ ሹፌሩ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሲያጫውተው ያድራል። ይህ ሁሉ በዩቲዩብ ዓይን አንድ ሰው ነው። ቪው በገንዘብ የሚገዛ መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን፤ አዲስ ዘፈን በለቀቀ በሁለተኛ ቀኑ ሚሊዮን የሚገባለት፣ ሰፈር ውስጥ ግን አንድም ሰው ሲያንጎራጉረው የማይሰማ ዘፈን አጋጥሟችሁ ይሆናል። ቲክቶክ ደግሞ የሚቆጥረው ቁራጩን ነው። ዘፈን ሙሉ ነው፤ አዝማች ብቻውን ዘፈን አይደለም።

የአገራችን ትክክለኛ ሰንጠረዥ የት እንዳለ ልንገራችሁ። ሲቀላ ውስጥ፣ ሚሞሪ ካርድ ተቀብሎ ዘፈን የሚጭነው ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እሱ ያውቃል። የገጠሩ ሰው ገበያ ቀን መጥቶ ምን እንደጠየቀው፣ ተማሪው ምን እንዳለው፣ ሹፌሩ የትኛውን “ይሄንን አጥፋልኝ ሰለቸኝ” እንዳለው ያውቃል። ፐርሲ ዲኪንስ በ1952 የደወለለት ሰው ማለት እሱ ነው። “ሥራው ሕገወጥ ቅጂ ነው” ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ስንት እንደተቀዳ ካልታወቀ ግን ስንት እንደተሰረቀም አይታወቅም።

እንጀራው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰንጠረዥ የሌለን ዘፈን የቱ እንደተወደደ ማወቅ ስላልፈለግን ብቻ አይመስለኝም። ከቁጥር ጋር ክፍያ ይመጣል።

አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥም ጸሐፊው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለዘፋኙ፣ ለአሳታሚው መብት ሰጥቷል። ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ሥራቸውን ከሚጠቀመው ሁሉ ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ሕጉ አለ ማለት ነው። እሺ፣ ገንዘቡ ተሰበሰበ እንበል። ለማን ስንት ይሰጣል? አንድ ጣቢያ በዓመት ከተጫወተው ዘፈን ውስጥ የእከሌ ስንት እጅ እንደሆነ የሚነግረው መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ ክፍፍሉ በስም ትልቅነት ይሆናል። ስመ ጥሩ ብዙ ይወስዳል፣ ከጋሞ ደጋ ወርዶ አንድ ነጠላ ዜማ ያወጣው ልጅ፣ ዘፈኑ በአካባቢው ጣቢያ በቀን ሁለቴ ቢለቀቅ እንኳ፣ “የት ተለቅቆ?” ይባላል። ማስረጃ የለውም። የጫኖ ገበሬ ሙዙን ሳያስመዝን ጭኖ “የመሰላችሁን ስጡኝ” እንደማለት ነው። ይህን የሚል ገበሬ አሳዩኝ።

ልብ በሉ፣ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ዛሬ ዘፈን ከኮምፒውተር ነው የሚለቀቀው። የማጫወቻ ሶፍትዌሮቹ በስንት ሰዓት ምን እንደተለቀቀ መዝግበው ማስቀመጥ ይችላሉ። ሥራው ያንን ዝርዝር ማውጣት፣ መደመር፣ በሳምንት አንዴ መለጠፍ ነው።

የሚመልሱልኝን አውቃለሁ

“ሙዚቃ ሩጫ አይደለም” ይላሉ። ይህን የሚለው የኢትዮጵያ ሰው ሲሆን ደስ ይላል። የቀነኒሳን 26፡17.53 እስከ መቶኛ ሰከንዷ በቃላችን ይዘን ያደግን ሕዝብ ነን። ሙዚቃ ሩጫ ካልሆነ ደግሞ “አንደኛ” አትበሉን። እያወዳደራችሁት ሰዓት መያዙን ብቻ ነው የተዋችሁት። የእግር ኳስ ሊጉን ሰንጠረዥ ኮሜንታተሩ በስሜቱ ቢደረድረው ስቴዲየሙ ዝም የሚል ይመስላችኋል?

“ሰንጠረዥ ሙዚቃን አንድ ዓይነት ያደርገዋል፣ ሁሉም አንደኛውን ይገለብጣል” ይላሉ። እውነት አለው። ግን ዙሪያችሁን እዩ። ሰንጠረዝ ሳይኖረንም አንዱ የሠራውን ምት ሃያው ሲገለብጠው ነው የምንውለው። ሰንጠረዥ ሕግ ያወጣል፣ ሕጉም ይስተካከላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኤድ ሺራን አልበም ሲያወጣ ከእንግሊዝ ምርጥ ሃያ ውስጥ አሥራ ስድስቱን ብቻውን ያዘው። ሰዎች ሳቁ፣ ተናደዱ፤ በዚያው ዓመት አንድ ዘፋኝ ከሦስት ዘፈን በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። ጉድለቱ ታየ፣ ታረመ። የእኛ ጉድለት አይታይም፣ ስለዚህ አይታረምም።

“ጉቦ ይገባበታል” ይላሉ። ይገባበታል። አሜሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዲጄዎች ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን ሲያጫውቱ ተይዘው ጉዳዩ ኮንግረስ ደርሷል፤ አለን ፍሪድን የመሰለ ስመ ጥር ሰው ሥራውን አጥቷል። ግን አስቡት፤ ፋውል የሚጠራው ሕግ ባለው ጨዋታ ላይ ነው። ዛሬ አንድ አዘጋጅ የጓደኛውን ዘፈን አንደኛ ቢያደርግ ምን ሕግ ጣሰ? ምንም። ሕግ የለማ!

“በቋንቋ ከተቆጠረ ጠብ ያመጣል” የሚሉም አሉ፣ በሹክሹክታ። ይህኛው ነው የሚያናድደኝ። አለመቆጠሩ ነው ጠቡ። ሁሉም “የእኛ ተገፋ” ይላል፣ የሚያስተባብልም የሚያረጋግጥም የለም። የጋሞኛ ዘፈን ተቆጥሮ አርባኛ ቢወጣ እኔ ደስተኛ ነኝ። አርባኛ ቦታ ነው። ከአርባኛ ወደ ሠላሳ ዘጠነኛ መሄድ ይቻላል። ከምንም ወደ የትም አይኬድም።

ለፍትሐዊነት ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የአድማጭን ድምፅ በቁም ነገር የያዙ አሉ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚተላለፈው “ለዛ” ለዓመታት የዓመቱን አልበም፣ የዓመቱን ነጠላ ዜማ በአድማጮች ድምፅ ሲያሸልም ቆይቷል፤ አድማጩ ሲመርጥ መመረጡን በግልጽ ይናገራል። ይህ ክብር ይገባዋል። ግን ሽልማት በዓመት አንዴ ነው፣ ድምፅ የሚሰጠውም አፍቃሪው ነው። ሳምንታዊ ሰንጠረዥ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፦ ድምፅ ለመስጠት ጊዜ የሌለው ሰው፣ ሹፌሩ፣ ጫኙ፣ ሻይ ቤት ያለችው እኅት፣ በየቀኑ በጆሮአቸው ምን እንደሚመርጡ። ሰርግ በመጣ ቁጥር የትኛው ዘፈን እንደሚነሣ፣ መስከረም 1 በደረሰ ቁጥር የትኛው የበዓል ዘፈን ከሃያ ዓመት እንቅልፉ ነቅቶ አንደኛ እንደሚሆን። የማራያ ኬሪ የገና ዘፈን በአሜሪካ አንደኛ የሆነው ከወጣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ የእንቁጣጣሽ ዘፈኖች ቢቆጠሩ ስንት እንዲህ ያለ ጉድ እናይ ነበር።

የምጠይቀው

ከመንግሥት ኮሚቴ አልጠይቅም። ከውጭ እርዳታ አልጠይቅም። ሦስት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ብቻ፣ አርባ ምንጭ ያለ ቢሆን ደግሞ ደስታዬ፣ በሳምንቱ የለቀቃቸውን ዘፈኖች ከነብዛታቸው በቴሌግራም ገጹ ይለጥፍ። ሳያሳምር፣ ሳይመርጥ። በዚያው ላይ በየትኛው ቋንቋ እንደተዘፈኑም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ሃያ ሱቅ ምረጡ። ሲቀላ አምስት፣ ሴቻ አምስት፣ ጫኖ ሁለት፣ ጨንቻ ሦስት፣ የቀረውን እንደተመቻችሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ደውላችሁ “በዚህ ሳምንት ሰው ምን አስጫነ?” በሉ። ደምሩና አውጡት። ስንት ሱቅ እንደጠየቃችሁ፣ እንዴት እንደደመራችሁ ከታች ጻፉ። እኩል የወጡ ካሉ እኩል አድርጓቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ይስቅባችኋል። በአሥረኛው ሳምንት ዘፋኞች ይደውሉላችኋል። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ በእጃችሁ ያለው ነገር ታሪክ ነው።

ሦስተኛው ለእናንተ ነው፣ ማይኩ ፊት ለተቀመጣችሁት። ድምፃችሁን እንወደዋለን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ተከትለናችኋል። ምርጫችሁንም መስማት እንፈልጋለን፤ እናንተ የወደዳችሁት ዘፈን አስር ቢሆን አስሩንም አሰሙን። ቁጥር ይዛችሁ እስክትመጡ ድረስ ግን “የሳምንቱ አንደኛ” የምትለዋን ቃል አስቀምጧት። “እኔ የወደድኩት” በሉ። ከበሮውንም ብትፈልጉ ምቱት።